ለአባባ ንገሪው

ካፔለ አን ደን አይሰል

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

ከቀብሩ ወዲህ ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብስ ትቀምሻለሽ? ጌታ ያበርታሽ። እኔ ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም እጄ ገና አልተንቀጠቀጠም፤ ከጽሕፈቴ ታይዋለሽ።

ፀዳለ ስልክሽን ለምን እንደማታነሣ ጠይቀሽኛል። ምክንያቱ እኔ ነኝ። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ጻፍኩልሽ።

እንደምታውቂው ልጅሽ እኔ ቤት እየኖረች የምትሠራው ከዘ ሄግ ወዲያ፣ ባሕሩ አጠገብ ነው። ሰዎች ወደ ጨረቃ ሲበሩ የቱን ጉድጓድና የቱን ተራራ እንደሚመለከቱ ከምድር ሆነው ከሚመርጡላቸው ሳይንቲስቶች አንዷ ናት። መንኮራኩሯ በተነሣች በሦስተኛው ቀን ባለቤትሽ አድማሴ ዐረፈ። አንቺ ደውለሽ፣ «ሥራዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ፤ በኋላ በሽማግሌ በወጉ ትረዳ» አልሽኝ። እሺ አልኩ።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በረራው ሊጀመር በነበረበት ሰሞን፣ እራት ላይ ሆነን፣ ተጓዦቹ ከመነሣታቸው በፊት የሚጠየቁትን አጫወተችኝ። «ከቤተሰብ ሰው ቢሞትባችሁ እንንገራችሁ ወይስ እስክትመለሱ እንቆይ?» ይሏቸዋል አለች። «አንቺስ ብትሆኚ?» አልኳት። «እኔማ ይነገረኝ! ሰው ሞቶብኝ ስስቅ መገኘት አልፈልግም» አለችኝ። ይህን በጆሮዬ ሰምቼ ነው እሺ ያልኩሽ።

ፀዳለ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከሥራዋ ትደውልልኝ ነበር። «አባባ እንዴት ነው?» ስትለኝ፣ «ሕመሙ ቀለል ብሎታል፤ ማውራት ግን ያደክመዋልና አትደውዪለት» እላታለሁ። አርባ ዓመት ተማሪ ሲዋሽ የቀጣሁ ሴት፣ ድምፄ እንኳ አልተሰበረም።

በስድስተኛው ቀን መንኮራኩሯ ከጨረቃ ጀርባ ገብታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ድምፅዋ ጠፋ። ስትወጣ ፀዳለ እየጮኸች ደወለች። ልጅ ሳለች አድማሴ፣ «ከጀርባዋ ምን አለ?» እያለ ያፋጥጣት እንደ ነበር ታስታውሻለሽ። «አክስቴ፣ ለአባባ ንገሪው! ሰዎቹ አዩት፤ ጉድጓድ ብቻ ነው በይው! ልጅህ ዘግይታም ቢሆን መለሰች በይው!» ብላ ሳቀች። «እነግረዋለሁ» አልኳት። ከተቀበረ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

ተጓዦቹ በደህና ገቡ። በማግስቱ ጠዋት በአንድ ሰዓት ወንጌላዊ አየለንና ከጉባኤያችን ሁለት እናቶችን ጠራሁ። ጥቁር ለብሰው ሳሎን ተቀመጡ። ፀዳለ ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ አየቻቸው። «ማን?» አላለችም። «መቼ?» ነው ያለችው። ቀኑን ነገርኳት። ሕፃን ሳለች እንዳስተማርኳት በጣቷ ቆጠረች፤ ከስድስተኛው ቀን ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ወንጌላዊ አየለ ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ «ይቆዩ» ብላቸው ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ ነገርሽው?» አለችኝ።

በዚያው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ስኪዳም ወደሚባለው ከተማ፣ ጓደኛዋ ኤልሳቤጥ ዘንድ ሄደች። አንቺን አልወቅስም፤ አንቺ ቃሏን አልሰማሽም። የሰማሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ዕለት ከሆስፒታል የምርመራዬ ውጤት ያለበት ወረቀት በስሜ መጣ፤ ደግ ነገር አልያዘም። ድሮ ቢሆን መሳቢያ ውስጥ እቆልፍበት ነበር። ዛሬ ጠዋት በሜትሮ ስኪዳም ድረስ ሄጄ፣ ደጃፍ ላይ በእጇ ሰጠኋት። እንደ ቆመች ሁለት ጊዜ አነበበችው። አላለቀሰችም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝ። ከዚያ፣ «ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ይበርዳል። ግቢ» አለችኝ።

ከእንግዲህ ስለ እኔ የሚነገርሽ ነገር ቢኖር ጠዋት አይጠበቅም፤ ሽማግሌም አይሰበሰብም። በሰዓቱ ይነገርሻል፤ ይህን ከፀዳለ ጋር ተስማምተናል። የምትደውልልሽም እርሷ ናት። ያን ጊዜ ስልኩን አንሺላት።

እስከዚያው ጌታ ከጎንሽ አይለይ፤ ቤትሽን በሰላሙ ይጠብቅልሽ። ምግብሽን ብዪ።

ታላቅ እህትሽ