ጠመንጃ የሌለው ጥይት

ጥቅምት 26
አፍሬ ነው የዋልኩት። ከጳውሎስ ሰፈር ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ለየችኝ። «የመጽሔቷ ልዩ አይደለሽ እንዴ?» ደስ አለኝ... ማን ይጠላል? ከዚያ የልጇን የጆሮ ሕመም አነሳች። ሌሊት ሌሊት ያስለቅሰዋል፣ ዘይት ላድርግለት ወይ? እኔ ስለ ጆሮ ምን አውቃለሁ? የማውቀው የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ የሰርግ ወሬ፣ የአማት ነገር። «ሞቅ አድርገሽ ጠብ አድርጊለት» ብዬ ወረድኩ። መውረጃዬ ሳይደርስ! የቁስቋምን ዳገት በእግሬ እያላበኝ... «ሐኪም ጋ ውሰጂው» ማለት ምን ያቅተኛል?

ጥቅምት 29
እትዬ ብርሃኔ መጡ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ባላቸው ጋሽ ጌጡ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ሰፋባቸው መሰለኝ፣ ቶሎ ቶሎ ብቅ ይላሉ። ጋሽ ጌጡ ድሮ የአዳኞች ሾፌር ነበሩ። የአደን ጠመንጃም ነበራቸው፣ በፈቃድ። ፈቃዱ በእሳቸው ስም ስለነበር እትዬ ብርሃኔ ከተዝካሩ በኋላ ጠመንጃውን በነጠላ ጠቅልለው ወስደው ለፖሊስ አስረከቡ።
ዛሬ ደግሞ ከጉያቸው ፌስታል አወጡ። ጥይት! ቀይ ፕላስቲክ፣ ቂጡ ነሐስ፣ አውራ ጣት የሚያክል።
«ከቁም ሳጥኑ ሥር አገኘኋቸው ልጄ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምን ላድርጋቸው?»
«ጠመንጃ የሌለው ጥይት ምን ያደርጋል እትዬ? ቆርቆሮ በሉት።»
«ሕጉስ?»
«ሕጉ የሚለው ስለ ጠመንጃ ነው።»
የት አነበብኩት? የትም።
«ሰላሌ ያለው ወንድሜ እንዲህ ያለ ጠመንጃ አለው፣ ፈቃድ አውጥቶበት። ዝንጀሮ አዝመራውን እየጨረሰበት ነው። ልጄ ኪሩ ይውሰድለት?»
«ይውሰድለታ! ባለ ፈቃድ አይደል?»
መረቁኝ። «እንዲህ የሚያስረዳ ሰው ጠፍቶ ነው እኮ» አሉ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ኅዳር 3
ስለ አማት ጽፌ ላክሁ። አዘጋጁ ስልክ ደውሎ ሳቀ። ጥሩ ቀን።

ኅዳር 5
ኪሩ ተያዘ። የእትዬ ብርሃኔ አንድ ልጅ፣ ጳውሎስ ፋርማሲ የሚሠራው። ከከተማ መውጫው ኬላ ላይ አውቶቡሱ ሲፈተሽ ጥይቱ ከቦርሳው ወጣ። ፈቃድ? የለም። የማን ነው? የአባቴ። አባትህስ? ሞቷል... እዚያው አስቀሩት።
አሁን ስልኬን ከፍቼ ስለ ጦር መሣሪያ ሕጉ አነበብኩ። አሁን! ጥይትም እንደ ጠመንጃው ፈቃድ ይፈልጋል። የሚገዛውም የሚይዘውም ባለ ፈቃዱ ራሱ ነው፣ ለዚያው ለተፈቀደለት ጠመንጃ፣ የተፈቀደለትን ያህል። ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ክልክል። ተቀባዩ ባለ ፈቃድ ቢሆንም ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። ለማንበብ ስንት ሰዓት ፈጀብኝ? ሻዩ ሳይበርድ ጨረስኩት።

ኅዳር 6
የቁስቋም ማርያም ንግሥ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ ብርሃኔን ሊጠይቅ ገባ። እኔም ገባሁ... አለመግባት ይታወቅብኛል ብዬ።
«ግን ማን ነው ይውሰድለት ያለዎት?» አለች ጸሐይ፣ ባለ ሱቋ።
«ሰው ነዋ» አሉ እትዬ ብርሃኔ።
«ምኑ ሰው ነው? ጠላት እንጂ!»
ጋሽ መሳይ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ከጥግ ሆነው «ጠበቃ ነኝ ባይ ይሆናል። ዘንድሮ ጠበቃ ያልሆነ ማን አለ?» አሉ። ሰው ሳቀ።
«ምላሱን ይቁረጠው!» ጸሐይ ናት። «አንቺስ ልዩ፣ ምነው ዝም አልሽ? የአገር ወሬ አንቺ ጋ አይደል?»
ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።
«የማያውቁትን እንዴት በድፍረት ይናገራሉ?» አልኩ። «ነውር የማያውቅ ሰው!»
በዚህ አፌ!
እትዬ ብርሃኔ ቀና ብለው አዩኝ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ድፎ ዳቦ ቆርሰው «ብዪ ልጄ፣ አልበላሽም» አሉኝ። ተቀብዬ ጨረስኩት።

ኅዳር 8
እትዬ ብርሃኔም ጣቢያ ተጠርተው ቃላቸውን ሰጥተዋል። «ማን መከረዎት?» ሲባሉ «ማንም፣ የራሴ ሐሳብ ነው» አሉ አሉ። ጸሐይ ናት የነገረችኝ። እኔን ለማትረፍ ራሳቸው ሊከሰሱ? ስሜን አንስተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት። ስሜ አለመነሳቱን ስሰማ መጀመሪያ ያደረግኩት እፎይ ማለት ነው።

ኅዳር 10
ጣቢያ ሄድኩ። ሁለቴ ከበሩ ተመለስኩ፣ ከዚያ ገባሁ።
«ይላኩለት ያልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩት መርማሪውን።
«ጠበቃ ነሽ?»
«አይ... አምደኛ ነኝ። መጽሔት ላይ።»
«የምን አምድ?»
«የማኅበራዊ ኑሮ።»
«የወሬ በይው በቃ» አለና ሳቀ። «ባለቤቴ ታነብሻለች።»
ቃሌን ተቀበለኝ። ልጁን ነፃ አያወጣውም አለ፣ ሕግ አለማወቅ ምክንያት አይሆንም። ለንግድ እንዳልነበር ግን ስለሚያሳይ ለዋስትናው ሳይጠቅም አይቀርም። ልወጣ ስል ምን አለኝ? «ሴትዮዋ እንዳገኙት እንደ ጠመንጃው ይዘውት ቢመጡ ኖሮ እኮ ተቀብለን በምስጋና እንሸኛቸው ነበር።»
በምስጋና...
ኪሩን ግቢው ውስጥ አየሁት። ጢሙ አድጓል። «ልዩዬ፣ እማዬ ትበላለች?» ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

ኅዳር 12
ኪሩ በዋስ ወጣ! ክሱ ግን አለ፣ ቀጠሮም አለው። ፋርማሲው «ጉዳይህን ጨርሰህ ና» ብሎታል። ካልጨረሰስ?
እትዬ ብርሃኔ ጋ ገብቼ ጣቢያ መሄዴን ነገርኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙ።
«ተይ። ምክሩን ያኔውኑ ነው ይቅር ያልኩሽ። ሳታውቂ ነው። እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ሄጄ መጠየቅ አቅቶኝ ነው?»
«እሺ እትዬ...»
«የንግሡ ዕለት ግን... ቤቴ ተቀምጠሽ፣ እኔ ስምሽን ደብቄ፣ አንቺ ከእነሱ ጋር ስትሳደቢ። እሱን አውቀሽ ነው።»
«ምን ላድርግ?» አልኩ።
«እኔን ትጠይቂያለሽ? መካሪዋ አንቺ!»
ቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልሳቁም። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ኅዳር 14
የእትዬ ብርሃኔ ሳል በግድግዳው ይሰማኛል። ብቅ ግን አላሉም።
ነገ እሁድ የእድር ስብሰባ ነው። ከሰዓት ጋሽ መሳይ ቤት ሄድኩ።
«ነገ ጥቂት የምናገረው አለኝ።»
«ለመጽሔት ነው?»
«አይደለም። ምላሱ ይቆረጥ የተባለው ሰው እኔ ነኝ።»
ኮፍያቸውን አወለቁ። መልሰው አደረጉ።
«በሰው ፊት ትያለሽ?»
«እላለሁ።»
«ጸሐይ ትኖራለች እኮ።»
«አውቃለሁ።»
«እ... በቃ፣ መጀመሪያ ላይ አስገባሻለሁ። ኋላ ሰው ይበተናል።»
ሰው እንዳይበተን አስበውልኝ ነው! እኔ ደግሞ ዝናብ ቢጥልና ስብሰባው ቢቀር እያልኩ ነበር የሄድኩት... በኅዳር።
እትዬ ብርሃኔ ይመጡ ይሆን? ኪሩን «ንገራቸው» ብዬዋለሁ። «እነግራታለሁ፣ መምጣቷን ግን እኔንጃ» አለ።
ነገ ከዚያ እንደተመለስኩ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ማን ምን እንዳለኝ እዚሁ አሰፍራለሁ። አላሳምርም። የጸሐይንም ስድብ አልቀንስም።