ባለቤቶቹ ይቅረቡ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3

ሲዘንብ ዋለ። ከኤርፖርት በታክሲዬ ሁለት ሰው ብቻ ጫንኩ። ጠዋት ክሊኒክ ጎራ ብዬ መድኃኒቴን ጠጣሁ፤ ለወገቤ ሕመም የታዘዘልኝ እንክብል ያስያዘኝን ሱስ የምታስታግስልኝን። ፋርማሲስቷ "ዛሬ ፊትህ በርቷል" አለችኝ። እውነት ይሆን?

ከሰዓት የክሳችን ጠበቃ ኮል አደረገች። እንክብሉን የሚሠራው ኩባንያ ከኛ ከከሳሾቹ ጋር ሊታረቅ ነው። ይከፍላል፣ ጥፋቱን ግን አያምንም። ባለቤቶቹማ ፍርድ ቤት አይቀርቡም፣ ስማቸውም አይነሳም። ስምምነቱ ከመጽደቁ በፊት ግን የተጎዳ ሰው ቆሞ መናገር ይችላል አለች።

"ሚስተር ጥሩነህ፣ ትናገራለህ?"

ላስብበት አልኳት። በሰው ፊት... እኔ?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 5

ለሚስቴ ለፋናዬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ሰው ምን ይለናል?" አልኩ።

"እንክብሉ በዝቶብህ መታጠቢያ ቤት ወድቀህ፣ ከሀፍሳ ጋር ስንጎትትህ ሰው የት ነበር?"

ሀፍሳ ጎረቤታችን ናት፣ እዚሁ ክሬሰንት ታውን ሰፈር፣ ግድግዳ ለግድግዳ። የዚያን ዕለት አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት። እስከ ዛሬ ለማንም አላወራችም።

 በ2009 ታክሲዬን ከኋላ ገጩኝ፣ ወገቤ ተጎዳ። ሐኪሙ እንክብሉን ሲያዝልኝ "ሱስ አያሲዝም፣ ኩባንያው አጥንቶታል" አለኝ። አመንኩት። እሱም እነሱን አምኖ ነው። ከዚያ እንክብሉ ስድስት ዓመቴን በላ።

ፋናዬ ለምን ጥላኝ አልሄደችም? ጠይቄያት አላውቅም። ተመስገን ብቻ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 15

ከቅዳሴ በኋላ ለአቶ ገብረክርስቶስ ነገርኳቸው። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ናቸው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከኔ ይስሙ ብዬ።  በቃ፣ ተዋረድኩ ብዬ መሬት መሬት አየሁ።

"መቼ ነው ቀኑ?"

"ኖቬምበር ስምንት ነው፣ አባባ።"

"እመጣለሁ። አንገቱን መድፋት ያለበት የበደለ ነው እንጂ የተበደለ አይደለም።"

መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ደግ እንባ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 7

እንቅልፍ የለም። ፋናዬ ሸሚዜን ሁለቴ ተኮሰችው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 8

ተናገርኩ።

አቶ ገብረክርስቶስ ሱፋቸውን ለብሰው ከፋናዬ ጎን ተቀምጠዋል። ሀፍሳ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታለች። የኩባንያው ጠበቃ ድምፁ ለስላሳ ነው። "ኩባንያው እዚህ አለ፣ ባለቤቶቹን ማስቸገር አያስፈልግም" አለ።

ተራዬ ሲደርስ የጻፍኩትን ማንበብ አቃተኝ። በቃሌ ቀጠልኩ። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ፣ ግን አልቆመም።

"ክብርት ዳኛ፣ ሐኪሜን አልከስም። እሱ የተነገረውን ነገረኝ። የነገሩት ሰዎች የት ናቸው? እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። ሰው ብገጭ መኪናው ይቅረብ አይባልም። የምቀርበው እኔ ነኝ።"

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። የሆነ ነገር ጻፈች።

ውጪ አንዲት የማላውቃት ፈረንጅ እጄን ያዘች። ልጇ በእንክብሉ ሞቷል። "ልጄ ቢኖር እንዲህ ይል ነበር" አለችኝ።  እጇን ይዤ ቆምኩ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 14

ዳኛዋ ስምምነቱን አላጸደቀችም። ከባለቤቶቹ አንዱ ቀርቦ በመሐላ እንዲጠየቅ አዘዘች። ፋናዬ ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች... ሳቅ ነው ለቅሶ?

ማክሰኞ፣ ማርች 20

ባለቤቱን አየሁት። ሽማግሌ ነው። ጥሩ ሱፍ ለብሷል። በአውቶቡስ ባገኘው ወንበር የምለቅለት ሰው።

ጠበቃችን ጠየቀችው።

"ሱስ እንደሚያሲዝ መቼ አወቁ?"

ወደ ጠበቃው ዞረ። ዳኛዋ "ይመልሱ" አለችው።

"በ2003... ሪፖርት ደርሶን ነበር።"

"መሸጡን ግን ቀጠላችሁ?"

"ቀጠልን።"

እኔ ከመገጨቴ ስድስት ዓመት በፊት። የምጮህ ይመስለኝ ነበር። አልጮህኩም። ደረቴ ላይ የነበረ ነገር ተነሣ... ስንት ጊዜ ራሴን ደካማ ብዬ ሰድቤያለሁ? ፍርዱ ገና ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው ትላለች ጠበቃዋ። ይሁን። ከአፉ ሰማሁት።

እሑድ፣ ማርች 25

ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንዲት ሴት ቀረበችን። አሰፋሽ ትባላለች፣ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ትከሻዋን ታማ እንክብሉን ከጀመረች ሦስት ዓመቷ። እስካሁን ለሰው ተናግራ አታውቅም። አቶ ገብረክርስቶስ ናቸው ወደኛ የላኳት።

"ሰውየውን አይተኸዋል አሉ" አለችኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አይቼዋለሁ።"

"ምን አለ?"

"እናውቅ ነበር አለ።"

 "እኔኮ ጥፋቱ የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር" አለች።

ፋናዬ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ነገ ክሊኒክ አብሬያት ልሄድ ተስማማን።