ሶሲና ከመሀል ስትጠየቅ

ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ወልደሥላሴ
አንኮበር

አባቴ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጾሙስ ከበደዎት ወይስ እንደ ልማድዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይውላሉ? እማዬ ያ ሳል ለቀቃት? እኔ፣ ባለቤቴ ባስልዮስና ልጃችን ሶሲና ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጅጅጋ ነፋሱ ብሶበታል። ጠዋት የጨርቅ ሱቄን ስከፍት አቧራው ቀድሞኝ ይገባል።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርዎ ድምፅዎን ስሰማ ሆዴ ይባባል። ባለፈው እሁድ "እስቲ ከመሀል አንዷን ፊደል ጠቁሚላትና ትንገረኝ" ሲሉኝ ስልኩ የተቋረጠው ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ጣቴን የፊደል ገበታው ላይ ሳሳርፍ ልጄ የምታየው ፊደሉን ሳይሆን ፊቴን ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

ለገና በስልክ ከሀ እስከ ፐ በአንድ ትንፋሽ ስትወርደው እርስዎ አለቀሱ፣ እማዬም እልል አለች። ገበታው ግን ከጀርባዋ ነበር የተሰቀለው። እንደ ዘፈን በቃሏ ይዛው ነው እንጂ ለይታው አይደለም። አጠገብዎ ብትሆን ኖሮ ወዲያው ይነቁባት ነበር። እኔንስ እንዲያ አይደል የያዙኝ? በቃሌ ስወርደው ዝም ብለው ሰምተው፣ መዳፍዎን ገበታው ላይ ጋርደው፣ በስንደዶዎ ከታች ወደ ላይ ጠየቁኝ። አንዷንም አልለየሁም። እርስዎ ግን ሳቁና ጭንዎ ላይ አስቀምጠው ከሀ ጀመሩልኝ። ያ ጭን እንዴት ናፈቀኝ መሰለዎ!

ለምን ዋሸሽ ቢሉኝ፣ ለማኅበርተኛው ሁሉ "የልጄ ልጅ አምስት ሳይሞላት አነበበች፣ ለፋሲካ መጥታ ታነብላችኋለች" ማለትዎን ስሰማ ልቤ አበጠ። ደግሞም ሰው አገር ሄዳ ልጇን ፊደል አስጠፋች እንዳልባል ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ገበታው ፊት አስቀምጬ ጮህኩባት። አንድ ቀን ቆነጠጥኳት። እኔ ጉድ፣ የመሪጌታ ልጅ!

ባለፈው ሳምንት መምህሯ ኒምኮ አስጠራችኝ። የፊደል ገበታ ሲወጣ ሶሲና ጠረጴዛ ሥር ትደበቃለች አለችኝ። ኒምኮ ሱማሌ ናት፤ ስትቆጣ ግን አማርኛዋ ከእኔ ይልቃል። ይቺ ልጅ የሱማሌኛውን፣ የእንግሊዝኛውንና የአማርኛውን ፊደል ባንድ ላይ ነው የምታየው፤ በዚህ ዕድሜ የስሟን ፊደላትና ጥቂት ሌሎችን ለይታ ድምፃቸውን ካወቀች ደግ ነው፣ ሁሉንም ካሁኑ የሚጠይቃት ማነው አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ገበታውን አውርጄ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ይኸው ትናንት ከሽማግሌው ጎረቤታችን ከሱጉሌ ሱቅ ስንገባ ቀሚሴን ጎተተችና የሳሙና ካርቶን ላይ ያለችውን "ና" አሳየችኝ። የእኔ ናት፣ ስሜ ላይ ያለችው ናት፣ ምን ሊያደርግባት ወሰዳት ብላ ሽማግሌውን ተቆጣችው። እሱም እየሳቀ ካርቶኑን ቀዶ ሰጣት። አቅፋው አደረች። ለስንት ሳምንት ስጮህባት ያላየሁትን ደስታ ፊቷ ላይ አየሁት።

አባቴ፣ ለፋሲካ እንመጣለን። እባክዎ ማኅበርተኛው ፊት አያቁሟት። ቢቆጡም እኔን ይቆጡኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷን ጭንዎ ላይ አስቀምጠው ያንን ስንደዶ ያንሱላት። ፊደልን ያስፈራኋት እኔ ነኝ፤ ፍርሃቷን የሚያወጣላት ግን ከእርስዎ ሌላ ሰው አላውቅም።

የእማዬን ጉልበት ስሜያለሁ፤ ማር በፌጦ ትውሰድልኝ። ወንድሜን ይሁንን እንኳን ለምርቃትህ አደረሰህ ይበሉልኝ። ለአክስቴ ለወለተሐና ነጠላዋን ገዝቼላታለሁ፣ እንዳትነጫነጭ። ባስልዮስም እጅ ይነሳል።

ከታች የተሞነጫጨረው የሶሲና ነው። ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ስነግራት እስክሪብቶውን ነጥቃኝ ነው የጻፈችው። አምስት ፊደል ናቸው፤ አንዷ ተገልብጣለች፣ አላረምኳትም። ሁሉም ከመሀል ናቸው አባቴ፤ ማንም አልጠቆመላትም።

ልጅዎ ለተማርያም
ጅጅጋ፣ የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.