የአንለይ መኪና እንዳትረክስ

ሐሙስ፣ የካቲት 10

ዛሬም አልተሸጠችም።

የጉንደ ወይኑ እህል ነጋዴ ረፋድ ላይ ከደላላው ከስማቸው ጋር መጣ። ኮፈኗን ከፍቶ አየ። ተንጋሎ ከሥሯ ገብቶ አየ። ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ በሮቿን ሁሉ አስነካቸው። ተጋጭታ በስቱኮ የተለሰነ ቦታ ካለ ማግኔቱ አይይዝም። ያዘ። ባስነካው ቦታ ሁሉ ያዘ። «ያልተነካች ናት» አለ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ልጄን ያመሰገነልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ። ከራሴ እስከ እግሬ ጥቁር ነኝ።

«ባለቤቱ የት ሄዶ ነው?»

«ልጄ ነበር፤ ዐረፈ» አልሁት።

«በመኪናዋ?»

አይደለም። ሆዱን ታመመ። ራሱ እየነዳ ሐኪም ቤት ሄደ። በሥርዓት አቆማት፣ ቆለፋት፣ ቁልፉን በእጄ ሰጠኝ፣ ከዚያ አልወጣም። ይህን ለስንት ሰው ተናገርሁት። ነጋዴው እጁን ከኮፈኑ ላይ አነሣ። «የሞተ ሰው መኪና ተከታይ ትፈልጋለች ይላሉ፤ እኔ እንኳ አላምንበትም» አለና የዋጋዋን ግማሽ ጠራ። ካላመነበት ግማሹን ምን በላው?

አያ ምንይችል፣ የባሌ ወንድም፣ አጥሩን ተደግፎ ሲሰማ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሁሉን የሚሰማው እዚያ ቆሞ ነው። ነጋዴው ሲሄድ፣ «ብዬሽ ነበር የሺ፤ ላም ትወልዳለች፣ ብረት አይወልድም» አለኝ።

ሁለቱን የወተት ላሞቼን ሸጬ ነው ለልጄ ለአንለይ የመኪናዋን መግዣ ያሟላሁለት። ያን ዕለትም አያ ምንይችል ይህንኑ ተናግሮ ነበር። አንለይ ሳቀና፣ «አባባ ምንይችል፣ የጃፓን መኪና አይከስርም። በገዛሁበት፣ ካሻዎት ከዚያ በላይ እሸጥልዎታለሁ» አለው። ሰው ፊት ነው የተናገረው። ቃሉ እዚያ አጥር ላይ እንደተሰቀለ አለ።

ዓርብ፣ የካቲት 11

ጠዋት ተነሥቼ መኪናዋን አስነሣኋት። አሁን አውቄበታለሁ። ቁልፉን አዞራለሁ፣ ትንሽ ትስላለች፣ ትነሣለች። ከቦታዋ አላንቀሳቅሳትም፣ መንዳት አልችልም። እንዲያው እሷ እስክትሞቅ እቀመጥባታለሁ።

ይህንንም የተማርሁት ካበላሸሁ በኋላ ነው። አንለይ እንደተቀበረ በጋቢው ሸፍኜ ማንም እንዳይነካት ብዬ ነበር። የሟች ዕቃ በለቅሶ ቤት አይንቀሳቀስም። ያልተነካ ዕቃ ደግሞ አያረጅም ብዬ አሰብሁ። ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ጋቢውን እያራገፍሁ መልሼ አለብሳት ነበር። መስከረም ላይ ሲከፈት ባትሪው ሞቷል፣ አይጥ ኮፈኗ ውስጥ ወልዳለች፣ ሽቦውን በልታለች። ባለጋራዡ፣ «እትዬ፣ መኪና ቆማ ነው የምታረጅ» አለኝ። ላም ብትሆን ኖሮ አውቅ ነበር። ላም አትሸፈንም።

ስማቸው ብቻውን መጣ። ደጃፍ ላይ ቁጢጥ አለና «እቴ የሺ፣ እንዳይቆጡኝ» አለ። እንዲህ ብሎ ከጀመረ የሚያስቆጣ ነገር ይዟል። «መኪናዋ ምንም አልሆነች። ገበያውን የሚያባርረው ልብስዎ ነው።»

ሰው ጥቁር ሲያይ ይፈራል አለኝ። ካልፈራም፣ ቸግሯታል፣ ባገኘችው ትሸጣለች ይላል። ሰኞ አንድ መምህር ከሚስቱ ጋር ይመጣል፤ ወሎዬ ነው፣ ለከተማው አዲስ ነው፣ ወሬ አልሰማም። ስለዚህ ያዘዘኝ፦

ጥቁሩን ለአንድ ቀን ማውለቅ።
ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ።
የአንለይን ፎቶ ከግድግዳ ማውረድ።
ከጠየቁ፦ ልጄ ዱባይ ነው፣ ሊብሬውን በስሜ አዙሮልኝ ሄደ።

ሊብሬው በእርግጥ በስሜ ነው። ያዞረልኝ ግን ፍርድ ቤት ነው፣ በወራሽነት።

«ልጅዎን ይካዱት ነው የምትለኝ?» አልሁት።

«ኧረ በእመብርሃን! ዱባይ ይላኩት ነው ያልሁ።»

ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ በዚህ ነገር ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠ፣ እሱም ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

ገበያ ወጣሁ። የምገዛው ነገር አልነበረም። የከብት ተራው ጋ ቆሜ አንዲት ላም አየሁ። ጡቷ መልካም ነው። መኪናዋ በዋጋዋ ብትሸጥ እንዲህ ያለች ሁለት አገኛለሁ። በግማሽ ከሆነ አንዲት አሮጊት ላም። ልጄ ብርቱካን ከቡሬ ከመምህርነት ደመወዟ ቆንጥራ ትልክልኛለች። እሷም ኑሮ አላት። ወተት እየሸጥሁ ያሳደግኋት ልጅ ስትጦረኝ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።

ስመለስ በጋራዡ በኩል አለፍሁ። እንደ ዋዛ፣ «እንደ አንለይ ያለች ቪትዝ አሁን ዋጋዋ እንዴት ነው?» አልሁት ባለጋራዡን።

«እሷማ በየዓመቱ ሽቅብ ናት። አንለይ በገዛበት ዛሬ በሯን ይሸጡልዎት እንደሆነ እንጃ።»

መንገዱን ሁሉ ይህን እያኘክሁ መጣሁ። አንለይ ሲገዛት አስረድቶኝ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም። «አዲስ መኪና ማን ይችላል እማ? ቀረጡ ነው የሚገድል። ቀረጡ እስካለ ድረስ ያረጀ መኪና አያረጅም» ይለኝ ነበር። ጃፓን አገር ሰዎቹ ጠግበው የሚተዋት መኪና ናት። መሪዋ እዚያ በቀኝ ነበር፤ እኛ አገር ስትገባ ወደ ግራ አዞሩት። «መሪዋ በደንብ የዞረ መሆኑን እይ፣ ኪሎሜትሯን አትመን፣ ዕቃዋ በየሱቁ መኖሩን ጠይቅ» እያለ ለጓደኞቹ ሲመክር እሰማ ነበር። የሰፈር መኪና ገዥ ሁሉ እሱን ይዞ ነበር የሚሄድ።

ልክ ነበር። መኪናዋ አልረከሰችም። የረከሰችው እሱ ስለሞተ ነው።

እሁድ፣ የካቲት 13

ቅዳሴ ቆሜ መጣሁ። ለነፍስ አባቴ አልነገርሁም። ምን ብዬ?

ሳጥኑን ከፍቼ ነጩን ቀሚስ አወጣሁ። ሰፍቶኛል። ፎቶውን አወረድሁ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ላደርገው አልቻልሁም፣ አልጋዬ ላይ በጀርባው አስተኛሁት።

ብርቱካን ደወለች። «እማ፣ በቃ በተገኘው ሽጫትና ነይ ወደኔ» አለች። በተገኘው የሚለው ቃል አመመኝ። እሷ ምን ታድርግ።

ሰኞ፣ የካቲት 14

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

መምህሩ ሙስጠፋ ይባላል፤ ሚስቱ ዘሀራ። ገና ልጆች ናቸው። እርጉዝ ናት፤ መኪና የፈለጉትም ለዚሁ ነው። ደላላው ስማቸው ነጭ ለብሼ ሲያየኝ በዓይኑ «ጎሽ» አለኝ።

መምህሩ ኮፈኑን ከፈተ። «ማን ነበር የሚነዳት እማማ?»

«ልጄ። አሁን ዱባይ ነው።»

ወጣ። አፌን አላደናቀፈኝም። እዚያ ማቆም ነበረብኝ። እሱ ግን ለወጉ ያህል፣ «ሥራ አገኘ?» አለኝ፤ እኔም ቀጠልሁ። አግኝቷል አልሁ። መኪና መሸጫ ውስጥ ነው አልሁ። ሙቀቱ አስቸግሮት ነበር፣ አሁን ለምዶታል። ወፍሯል። እሁድ እሁድ ይደውላል። ስማቸው ጉሮሮውን ጠረገ፣ አልሰማሁትም። ማንም ያልጠየቀኝን አወራሁ። ሚስት ሊያገባ ነው ብዬ ነበር ልጨርስ። ያን ያህል ጣፈጠኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቆሜ ሳወራ ልጄ ወፍሮ ታየኝ።

ዘሀራ ውኃ ጠየቀችኝና ወደ ቤት ይዣት ገባሁ። ብርጭቆውን ስሰጣት እጄን ያዘችው። እጅጌዬን ወደ ላይ ገለጠችው። ጥቁሩን ከል ከለበስሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ቀለሙ አንጓዬ ላይ፣ አንገቴ ላይ ገብቷል፣ በሳሙና አይለቅም። እኔ ለምጄው ረስቼዋለሁ። ልብሴን ቀየርሁ እንጂ ቆዳዬን አልቀየርሁ።

«እማማ» አለች ዝቅ ብላ፣ «እናቴ ወንድሜን ስትቀብር እንዲህ ነበር እጇ። ማን ሞቶብዎት ነው?»

አልጋው ላይ ፎቶውን አየችው። መልስ አላስፈለጋትም።

ነጠላዬን ጥዬ ወጣሁና እዚያው ሰውየው ፊት፣ «ልጄ ዱባይ አይደለም። ማርቆስ መቃብር ነው። መኪናዋ አልገደለችውም፣ ሆዱን ታሞ ነው» አልሁ። ስማቸው ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። አጥሩ ላይ አያ ምንይችል ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘወር አለ።

መምህሩ ኮፈኑን እንዳይጮኽ አድርጎ ዘጋው። «አላህ ያጽናዎት» አለኝ። ከዚያ ሁለቱም ገብተው ተቀመጡ። መኪና ሊገዙ መጥተው ለቅሶ ደረሱኝ። ስለ አንለይ ጠየቁኝ፣ የእውነቱን ነገርኋቸው፤ ከስቶ እንደሞተ ነገርኋቸው። ስለ ዋጋ አንድ ቃል አልተነሣም። ለቅሶ ቤት ማን ዋጋ ያነሣል? ሲመሽ ተነሥተው ሄዱ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 15

ጥቁሩን መልሼ ለበስሁ። ፎቶውን ሰቀልሁ።

የመጣ የለም። የደወለ የለም።

ስማቸው በስልክ፣ «እቴ የሺ፣ በገዛ አፍዎ ገደሉት» አለኝ። ምን እንዳለ ወዲያው ገባውና፣ «ገበያውን ማለቴ ነው… ይቅር ይበሉኝ» እያለ ተንተባተበ። ዘጋሁበት።

መኪናዋን ላስነሣት ሄጄ ተውሁት። ትቁም። ታርጅ። እኔም ቆሜ ነው የማረጅ። አንለይ ሁለት ጊዜ የሞተብኝ ያህል ነው፤ አንዴ እንደ ሰው፣ አሁን ደግሞ ቃሉ። ነገ ለጉንደ ወይኑ ሰው ደውል እለዋለሁ ስማቸውን። በግማሽ ይውሰዳት።

እህል አልቀመስሁም። ለመጻፍም ጉልበት የለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መምህሩና ዘሀራ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሦስት ጋራዥ ጠይቄ መጣሁ አለ። ትናንት ያልመጣው ለዚያ ነበር። ከዚያ ዋጋ ጠራ። አንለይ ከገዛበት በላይ ነው። ግማሽ አይደለም፣ በልክም አይደለም፣ በላይ ነው።

አልጨበጥሁትም። መጀመሪያ ልጠይቅህ አልሁት። «ይህን የምትለኝ አዝነህልኝ ከሆነ አልሸጥልህም። መኪናዋ ካላወጣች አላወጣችም ነው። ልጄ ምጽዋት አልተወልኝም።»

ሚስቱን አየና ፈገግ አለ። «እማማ፣ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ። ለማዘኛ የሚሆን ብር ከየት አባቴ አመጣለሁ? ከዚህ የሚቀንስ ጋራዥ ባገኝ ኖሮ ቀንሼ ነበር የምመጣ።»

ዘሀራም፣ «ኧረ ስስታም ነው፣ አብሽሩ!» አለች።

ጨበጥሁት። ስማቸው ሮጦ መጣ፣ ውሉ ከሰዓት በኋላ ተፈረመ፣ ብሩ ወደ ባንክ ገባልኝ። መምህሩ መኪናዋን ሲያወጣት እኔ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ስትወጣ ማየት አልቻልሁም። ድምፅዋን ግን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰማሁት።

እውነቱን ነው የነገረኝ? ወይስ ይህም ለሐዘንተኛ የሚባል ነገር ነው? አላውቅም። ሰው ፊት ላይ እውነትን ማንበብ የሚችል አንለይ ነበር፣ እኔ አይደለሁም። ጠየቅኋቸው ያላቸውን ሦስት ጋራዦች ሄጄ ልጠይቅ አሰብሁ፤ ከዚያ ፈራሁ፣ ይቅር።

አያ ምንይችል ሲመሽ አጥሩ ላይ አልቆመም፤ በበሩ ገባ። «በስንት ሄደች?» አለኝ። ነገርሁት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ነገርሁት። ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ዝም አለ። አያ ምንይችል ዝም አለ።

ይህን ለማን ልንገር?