ለኮርቻ ልብስ ቦታ የሌለው ቅጽ

ዴን ሃግ፣ ሆላንድ፣ ግንቦት 1985 በእናንተ አቆጣጠር

ለተከበሩ የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና በጣቢያዎ ግቢ ለተደረደሩት ብስክሌቶች ሁሉ ጤና እመኛለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ከሕንጻችን ምድር ቤት ሁለት ብስክሌቶች በአንድ ማለዳ ተሰረቁ፤ አንዱ ከእኔ በላይ ካለው ፎቅ የሚኖረው፣ ማለዳ ጋዜጣ እያደለ የሚማረው የአገሬ ልጅ የአበጋዝ፣ ሌላው የእኔ። የእሱ በአራተኛው ቀን ተመለሰለት። እኔ ግን የመጀመሪያው ትራም ሳይነሣ አረጋውያን መጦሪያ ደርሼ ወለል ማጽዳት ስላለብኝ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሬ እኳትናለሁ። ሁለት ጊዜ አርፍጄ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። ስለሆነም ለተደረገልኝ መስተንግዶ በተራ በተራ ላመስግን።

፩ኛ. በአገሬ ደንብ ሰው አቤት ሲል ከሥሩ ነውና፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ብስክሌቷን ከማን እንደገዛሁ ተናግሬ ወደ ስርቆቱ ልገባ ስል መኮንንዎ ሰዓታቸውን አይተው ሦስት መስመር ጻፉልኝ። ስለ ሦስቱም አመሰግናለሁ። አበጋዝ ግን የብስክሌቱን ቁጥር ከደብተሩ አንብቦ በአምስት ደቂቃ ጨረሰ፤ ያውም ቡና ከብስኩት ጋር ቀርቦለት። ለእኔ ውኃም አልቀረበልኝ።

፪ኛ. ቁጥሯን ባላውቅም ምልክት አላት፣ ከመጋረጃዬ ትራፊ የሰፋሁት አረንጓዴ የኮርቻ ልብስ አልብሻታለሁ ብል፣ ለኮርቻ ልብስ ቅጹ ላይ ቦታ እንደሌለ በትሕትና አስረዱኝ። ቅጹ እንዳይጨናነቅ ስለተጠነቀቁ እግዜር ይስጥልኝ።

፫ኛ. ማንን እንደምጠረጥር ሲጠይቁኝ፣ በዓይኔ ያላየሁትን ሰው ስም መጥራት ነውር ስለሆነብኝ «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ። መኮንንዎም ብዕራቸውን ከደኑ። አበጋዝ ደጃፋችን ላይ ሲያንዣብብ የነበረውን ጎረምሳ ከነጃኬቱ ቀለም ነግሯቸው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለካስ ለእኔ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ቀንቻለሁ። አበጋዝ በየማለዳው ደወሉን እያቃጨለ ሲያልፈኝ፣ «እትዬ ጥሩ፣ ዛሬም በእግር ነው?» ይለኛል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ግን በዚያች ደቂቃ ጎማው ቢተነፍስ ደስ ባለኝ። አንድ አገር ተወልደን፣ አንድ ሌባ ሰርቆን፣ አንድ ጣቢያ አመልክተን፣ እሱን ሰምታችሁ እኔን መርሳታችሁ ከእግር መንገዱ ይልቅ ያንገበግበኛል።

ሶሉ ባለቀ ጫማ ቆማ ለክቡርነትዎ እጅ የምትነሣ፣
ጥሩአየሁ አድማሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አሁን ከአበጋዝ ተምሬ በአጭሩ አመለክታለሁ። ቀን፦ ትናንት ማክሰኞ። ሰዓት፦ ከጠዋቱ ዘጠኝ ከሩብ፣ በእናንተው አቆጣጠር። ንብረቱ፦ ቀይ የሴት ብስክሌት፣ አረንጓዴ የኮርቻ ልብስ የለበሰች። የታየችበት ቦታ፦ የጣቢያዎ ግቢ፣ ባለቤት ካጡት መካከል፣ አበጋዝ የእሱን ካነሣበት አጠገብ። ማን እንደያዛት ከጠየቁኝም በዚህኛው እግዚአብሔርን አላስቸግርም፤ በዓይኔ አይቻለሁና የክቡርነትዎን ጣቢያ ስም እጠራለሁ።