ስለ ውሃ አይደለም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የባንዱ መሪ ላዶ ማይኩን ከዘፋኟ ከአቤኒ እጅ ወሰደና «ጉና ደ ታ ሞያ!» አለ። በጁባ ዓረብኛ፦ ይሄ ዘፈን ስለ ውሃ ነው።

ሰው አጨበጨበ። እኔም ለማጨብጨብ እጄን አንስቼ ነበር… አየር ላይ ቀረ።

ስለ ውሃ አይደለም። ስለ እናቴ ነው። ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዜማውን ያወጣችው አቤኒ ናት፤ እኛ ቤት፣ አትላባራ ሰፈር፣ ከእማ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጣ። ዛሬ መድረክ ላይ ከላዶ ጎን ቆማ የተቃኘውን ጊታር መልሳ ትቃኛለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

የቱራብ የመጀመሪያ አልበም ምረቃ ነበር። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቀን። ከስማቸው ጀምሮ እወዳቸዋለሁ። ቱራብ… አቧራ። የጁባ ሮክ ባንድ ሌላ ምን ስም ይኖረዋል? ከመድረኩ ጀርባ የአንድ የውሃ ፕሮጀክት ባነር ተሰቅሎ ነበር። ስገባ አይቼው ምንም አልመሰለኝም።

መውጫው ላይ አልበሙን በፍላሽ ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ፦ ቁጥር 4፣ «ሞያ»። ግጥም፣ ላዶ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አልበሙን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እንደ ሁልጊዜው አስተያየቴን ልጻፍ። ብናደድም እውነቱን ነው የምጽፈው።

አንደኛው ላይ ከበሮው ቀድሞ ይሮጣል፣ ቤዙ ያሳድደዋል፣ መጨረሻ ላይ ይደርስበታል። ጥሩ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ዘፈን ናቸው፤ ላዶ አንድ ነገር ከተሳካለት መድገም ይወዳል። አምስተኛው ላይ የጊታሩ ዲስቶርሽን በዝቶ የአቤኒን ድምፅ ቀብሮታል። ሰባተኛው ላይ የጎረቤት ጄኔሬተር ይሰማል። እንዳለ ትተውታል፤ ደስ አለኝ። ጄኔሬተር የማይሰማበት የጁባ ሮክ ውሸት ነው።

አራተኛው ግን… እስከ ዛሬ ከሠሩት ሁሉ ይበልጣል። የሚያቃጥለኝም ይሄ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

«ሞያ በጀሪካን በመንደሩ ዞረ፣
የእናቴ ግን ሞያ በልቧ ቀረ።»

ጁባ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት ነው ነገሩ የተጀመረው። ውሃ ሻጩ ብስክሌቱን እየገፋ «ሞያ! ሞያ!» እያለ በደጃችን አለፈ። በዓረብኛቸው ውሃ ማለቱ ነው። እኛ ምን እናውቃለን? እማ ከስፌቷ ቀና አለችና «ሉሊት፣ ሩጪ! ሞያ መጣልሽ! ሁለት ጀሪካን ግዢ፤ ለአንቺ አንዱ አይበቃሽም!» አለችኝ። ሽሮ እንኳ የማሳርር ልጅ ነበርኩ። ዓመት ሙሉ ሳቅንበት።

እሷ ግን… ሰው በሩ ላይ ሲቆም አንዴ አይታው ሜትር ሳታነሳ ትቆርጥ ነበር። ከተማ ያለ አንድ ቡቲክ ቀሚሶቿን ይወስድ ነበር። ቀሚሱ አንገት ሥር የቡቲኩ ስም አለ። እሱንም የምትሰፋው ራሷ ናት። «የራስሽን ስም ለምን አትሰፊበትም?» አልኳት አንድ ቀን። «ሞያ በልብ ነው፣ ልጄ።» ያኔ ኩራት መስሎኝ ነበር።

ግጥሙን ስጽፍ በሕይወት ነበረች። «ቀረ» ያልኩት ቤት እንዲመታልኝ ነው። እውነት ይሆናል ብዬ አይደለም።

ሦስተኛውን ጊዜ በኢርፎን ሰማሁት። ከበሮው ከመግባቱ በፊት ቅርች… ቅርች… የሚል ድምፅ አለ። ላዶ ትናንት መድረክ ላይ «የውሃ ፓምፕ ነው» ብሎ ነበር። ፓምፕ አይደለም። የእማ መቀስ ነው። እኔና አቤኒ በስልኬ ከቀዳነው ላይ ቆርጠው ወስደውታል።

ከሞተች ሰባት ወሯ። መቀሷ በሰው አልበም ውስጥ ይቆርጣል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከቢሮ በቀጥታ በቦዳ ሞተር ሙኑኪ ሰፈር ሄድኩ፣ ባንዱ የሚለማመድበት ግቢ። ላዶ በደስታ ተቀበለኝ። ይሄ ነው የበለጠ የሚያናድደው። (የተነጋገርንበትን እንግሊዝኛ እንደሚሆን አድርጌ በአማርኛ ነው የምጽፈው።)

«ሉሊት! ኢታ ኬፍ፣ እንዴት ነሽ? የእኛ አንደኛ ፋን!»

«አራተኛው ግጥም የማን ነው?»

«የባንዱ ነዋ።»

«ሽፋኑ ላይ ላዶ ይላል።»

«ያ ኡክቲ፣ እህቴ፣ ላዶ ማለት ባንዱ ነው።»

ሞያ በአማርኛ ምን እንደሆነ ነገርኩት። የእጅ ጥበብ፣ ሙያ፣ የሴት ብልሃት… አራት ዓመት ቋንቋ ተምሬ አንዲት ቃል ማስረዳት አቃተኝ። እያዳመጠ ራሱን ነቀነቀ።

«ቆንጆ ነው። ግን እዚህ ማን አማርኛ ያውቃል? ስለ ልብስ ሰፊ ነው ብል የትኛው ስፖንሰር ይመጣል? ውሃ ሁሉም ይገባዋል።» ትንሽ አሰበና «ምስጋናው ውስጥ እናስገባሻለን» አለ።

ከጄኔሬተሩ አከራይ ቀጥሎ ይሆናላ።

«የእኔን ተወው። የእናቴን ስም ጻፉ። ማንያህልሻል።»

«ማን… ማንያ… ኖ! ይሄ ሽፋኑ ላይ አይበቃም!»

ከበሮ መቺው ሳቀ። አቤኒ አልሳቀችም። ኬብል ትጠቀልል ነበር። እስከ በሩ ሸኘችኝ። ያደገችው አዲስ አበባ ነው፣ ጎፋ፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ላዶ «አይበቃም» ሲል አንድ ቃል ልትናገር ትችል ነበር።

«ሉሉ፣ በእናትሽ ተይው።»

«በማን?»

ደነገጠች። «እንደሱ ማለቴ አይደለም… ቅዳሜ ጀበል እንጫወታለን፣ ከዚያ ስፖንሰሮቹ ካምፓላ ሊወስዱን ነው። አንድ ዘፈን እኮ ነው። እማማም ብትኖር ሞያ በልብ ነው ነበር የምትልሽ።»

ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ቦዳው ላይ ሆኜ ነው ትዝ ያለኝ። በምረቃው ቀን አቤኒ የለበሰችው እማ የሰፋችላትን ቀሚስ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከአዲስ አበባ የወጣ አዲስ አልበም አወረድኩ። «ሦስተኛ በር» የሚባሉ ልጆች። ሁለት ጊታር፣ አንዲት ሴት ከበሮ መቺ። ልጅቷ ዘፈኑን ስታስጀምር በትሮቿን ታጋጫለች… ቅርች፣ ቅርች። ዘጋሁት። አልበም ሳልጨርስ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው።

ይሄንንም ወሰዱብኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጀበል፣ ከተራራው ሥር ያለ የሆቴል ግቢ። በዘጠኝ ሰዓት ጀመሩ፤ ሳይመሽ ሁሉም ቤቱ መግባት አለበት። ጋሽ ሙኽታርን ለምኜ አመጣሁት። ጀበል ገበያ ጨርቅና ክር የሚሸጠው፣ የእማ ደንበኛ።

«ሮክ የምትይው ይሄንን ጩኸት ነው?»

«አዎ፣ ጋሽ ሙኽታር።»

«አላህ ያግዝሽ። በይ ወንበር ፈልጊልኝ።»

ኮንሰርት ላይ የምቆመው ሁልጊዜ ሚክሰሩ ጋ ነው፣ ድምፅ ከሚቆጣጠረው ከሪያድ አጠገብ። ሌላ ቦታ የቆመ ሰው ግማሹን ነው የሚሰማው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ከአልበሙ ይሻላሉ፤ ቤዙ ዛሬ ሆድ ውስጥ ይገባ ነበር። ለአንድ አፍታ ረሳሁ። ወደድኳቸው። ከዚያ ላዶ ማይኩን ወሰደ። «ጉና ደ…»

ስልኬን ለሪያድ ሰጠሁት።

«ሰካልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«አራተኛው ዘፈን። ዋናው።»

«ላዶ ይገድለኛል፣ ሉሊት።»

«ካልሰካኸው እኔ እገድልሃለሁ። እኔ ደግሞ ቅርብ ነኝ።»

አየኝ። ሪያድ የደሴ ልጅ ነው፤ እማን ያውቃት ነበር። ሰካው።

መጀመሪያ መቀሱ። ቅርች፣ ቅርች። ቀጥሎ የአቤኒ ጊታር፣ ያልተቃኘ። ከዚያ በሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች እናቴ፦

«ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው? ሞያ በልብ ነው ይባላል እንጂ ይዘፈናል እንዴ? ሂዱ ወዲያ! አቤኒ፣ ነይ እስቲ እጅጌሽን ልየው…»

ሀበሾቹ ሳቁ። ሌላው ሰው ግራ ገብቶት ይተያያል። ጋሽ ሙኽታር ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

«ማንያህልሻል ናት! ወላሂ፣ ማንያህልሻል ናት እኮ!»

ስሟ። በሰው መሃል፣ ጮክ ተብሎ። በሕይወቷ አንድም ቀን እንዲህ ተጠርታ አታውቅም።

ላዶ ሮጦ መጥቶ ኬብሉን ነቀለው። አቤኒ እጅጌዋን በሌላ እጇ ይዛ ቆማለች። ዘፈኑን አልጀመረችም። ላዶ «አምስተኛው!» አለ፣ ወደ አምስተኛው ዘለሉ። ከኋላዬ አንዱ «ሙሽኪላ ታ ሀበሽ» ሲል ሰማሁ። የሀበሻ ጣጣ። ይሄው ነው። ማንም አልጠየቀኝም።

ጋሽ ሙኽታር እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ «ከዚያ ሁሉ ጩኸት እሷ ብቻ ናት የተሰማችኝ» አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ድል አይደለም። ሽፋኑ ላይ አሁንም ላዶ ይላል። ካምፓላ ይሄዳሉ። እዚያ ደግሞ ስለ ምን ነው ይሏቸው ይሆን?

ጠዋት አቤኒ መልእክት ላከች። «ከዚህ በኋላ አልዘፍነውም።» ሌላ ቃል የለም። ይቅርታም የለም።

«ዝፈኚው። ስለ ማን እንደሆነ ግን ተናገሪ» ብዬ መለስኩ። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። አንብባዋለች። እስካሁን ዝም። ዘፈኑን ከነጓደኛዬ ያጣሁት ይመስለኛል።

ከሰዓት የእማን የስፌት መኪና ሽፋን አነሳሁ፤ ከቀብሯ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። መስፋት አልችልም። ከነጭ ጥብጣብ ቁራጭ ቆርጬ በእጄ፣ በቀይ ክር፣ ማንያህልሻል ብዬ ጻፍኩበት። «ሻ»ው ተንጋደደ። ሦስት ጊዜ ተወጋሁ። ብታየው ምን ትል ነበር… ውሃ ሻጩን ጥሪው ትለኝ ነበር። ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዚያ ሌላ ሆነ።

የሰፋችልኝ የመጨረሻ ቀሚስ አንገት ላይ ገጠምኩት። በውስጥ አይደለም፣ በውጭ በኩል።

ሞያ በልብ ነው ስትል ትሕትና ነበር ወይስ ድካም? አልጠየቅኋትም፤ አሁን ማንን እጠይቃለሁ? ስለ ራሷ ስትለው መብቷ ነበር። የሰው እጅ ሥራ የወሰደ ሰው ግን፣ ሲወሰድ ቆሞ ያየም ሰው፣ ያንን ቃል አንስቶ አፌን ሊዘጋበት አይችልም።

«በእናትሽ፣ ተይው» መባልን ከእንግዲህ አልቀበልም።