የአብርሃም አንድ ዓይን

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ፣ ጧት 2 ሰዓት

ዛሬም የሥዕል መስመር የምፈትሽበትን ክር ሥዕሉ ላይ ወጠርኩበት። ሦስተኛ ቀኔ። ሥዕሉ የአብርሃም መሥዋዕት ነው፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ጣሊያን መዳብ ላይ ቀርጾ ያተመው። ልጄ ጥሩወርቅ ከመጽሐፍ ኮፒ አስነሥታ አመጣችው። ለኮሶዬው ቤ/ክ የሣለችውን ከዚህ ነው የወሰደችው። ብቻዋን የሠራችው የመጀመሪያ ሥዕል። ቄሰ ገበዙ ነገሩን ለእኔ ትቶታል፦ ይሁን ካልኩ ይሰቀላል፣ አይሁን ካልኩ ይፋቃል።

አይሆንም። አብርሃም በጎን ነው የተሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ። በእኛ ሥርዓት አንድ ዓይን ለይሁዳና ለሰይጣን ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል። አለቀ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

አላለቀም፣ ደብተሬ። ነገርኳት። ታለቅሳለች ስል ሳቀች።

«አባዬ፣ ምነው? እርስዎንስ በጎን ስንቴ አይቼዎታለሁ፤ ሰይጣን ነዎት እንዴ?»

ከክፍሉ አስወጣኋት። ድፍረት!

ሆኖም የጣሊያኑ እጅ ሸጋ ነው። ቀለም የለው፤ ጭረት ብቻ። ጭረቱን ሲያቀራርበው ጥላ፣ ሲያራርቀው ብርሃን። ጨርሶ ያልጫረው አንድ ቦታ፦ የይስሐቅ አንገት። ክሬ ከመልአኩ እጅ ተነሥቶ፣ በአብርሃም ዓይንና በቢላዋው አልፎ፣ እዚያ አንገት ላይ ያርፋል። ቀጥ ብሎ። በጉ ጥግ ላይ ነው፣ ጥላ ውስጥ። ዓይን መጨረሻ ላይ ያገኘዋል። አብርሃምም መጨረሻ ላይ ነው ያገኘው።

ኅዳር 7፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ስስ ወረቀት ደረብኩበት። የአብርሃምን ፊት ወደ እኔ አዞርኩ፣ ሁለተኛውን ዓይን ሰጠሁት። መስመሩ ተቆረጠ። መልአኩ ይጠራዋል፣ እሱ እኔን ያያል። ቢላዋው ይወርዳል። ደግሜ ሣልኩ። ያው። ሦስተኛውን ቀደድኩት።

አርባ ዓመት ሥያለሁ። መምህር አልነበረኝም፤ ሥርዓት ግን አፍርሼ አላውቅም። አሁን ሥርዓቱን ብጠብቅ ልጁን የሚያርድ አባት ልሥል ነው። ፊቱን ያዞረውኮ የመልአኩን ድምፅ ሊሰማ ነው።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ኮሶዬ ወጣሁ። ብርድ። ሥዕሏ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ክሩን አወጣሁ፤ መስመሩን አልሳተችም። ቄሰ ገበዙ ፈራ፤ ሕዝቡ ሰይጣን መስሎት ቢሸሽስ አለኝ። ይሰቀል አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ይሰቀል።

ጥሩወርቅን ልክ ነሽ አላልኳትም። አልልም። የበጉ ቀንድ ቀጥኗል፣ አወፍሪው አልኳት።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉ ሥር እቆማለሁ። የሚያጉረመርም ካለ እሷን ተወት አድርጎ እኔን ይጠይቅ።